ተቆጣሪዎቹ መቁጠር ሲጀምሩ

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኗል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ብዙ በማይርቅ የማታ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ፣ ሐበሾቹ ተማሪዎች ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ከፓርኪንግ፣ ከሆቴል ጽዳትና ከአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ በቀጥታ የመጡ ናቸው። ሌሎቹ ትምህርቱ እንዳለቀ ወደ ሌሊት ፈረቃ ይሄዳሉ። መምህሯ፣ እሷም ሐበሻ ናት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ የታተመበት ወረቀት አደለች። ጥያቄው የአሜሪካ የቆጠራ ቢሮ በየዓመቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን ለሚጠጉ አድራሻዎች ከሚልከው መጠይቅ የተወሰደ ነው። ይህ ሰው እንግሊዝኛ ምን ያህል ይናገራል? ይላል። ምርጫዎቹ አራት ናቸው፦ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ጥሩ አይደለም፣ ጭራሽ አይናገርም።

«እማማ፣ እርስዎ የቱ ላይ ምልክት አደረጉ?» ብላ ከፊት የተቀመጡትን በዕድሜ የገፉ እናት ጠየቀቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው» አሉ፣ ስለ ጤናቸው የተጠየቁ ይመስል።

ከኋላ የተቀመጠው የታክሲ ሹፌር «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አድርጓል። «ሃያ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ ሌላ ምን ልበል?» አለ።

«ባለፈው ከፍርድ ቤት የመጣልህን ደብዳቤ ማን አነበበልህ?»

«የወንድሜ ልጅ» ብሎ ወረቀቱን እንደገና ተመለከተው።

የቆጠራ ቢሮው አሠራር እዚህ ላይ ጥርት ያለ ነው። «በጣም ጥሩ» ያለ ሰው የእንግሊዝኛ ችግር እንደሌለበት ይመዘገባል። ከዚያ በታች ያለውን የመረጠ ሁሉ እንግሊዝኛው ውስን ከሆነው ሕዝብ ጋር ይደመራል። ፈተና የለውም፣ የሚያረጋግጥም የለም፤ ያለው የተጠየቀው ሰው ቃል ብቻ ነው። ሹፌሩ በይሉኝታ ባኖራት አንዲት ምልክት ራሱን ከዚያ ሕዝብ አወጣ። እማማ ደግሞ ሐኪም ቤት ያለ ልጃቸው አንድ ነገር መናገር የማይችሉ ሆነው፣ ከዚያ ሕዝብ ባይወጡም «ጥሩ» ከሚሉት ተርታ ገቡ። ይሉኝታ በእኛ ዘንድ የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው፤ እዚህ መጠይቅ ላይ ሲያርፍ ግን የአስተርጓሚ በጀት ይቀንሳል።

በአዋቂዎች ትምህርት ዙሪያ ያሉ ሰዎች መምህሯ የጀመረችውን ዓይነት ሥራ ዳታን የማንበብ ትምህርት ይሉታል። ሒሳብ አለበት፣ ዋናው ነገር ግን ሒሳቡ አይደለም። ቁጥሩን ማን ሰበሰበው? ማንን ሳይጠይቅ ቀረ? ምን ሊወሰንበት ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ማንሳት መቻል ነው። ብዙ የቋንቋ ክፍሎች ስደተኛውን ቅጽ መሙላት ያስተምሩታል። ስም እዚህ፣ የትውልድ ቀን እዚያ፣ ፊርማ ከታች። ቅጹ ከተሞላ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይነግሩትም። እኔ እንደማየው ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው፤ ሰውን ለመቆጠር ብቻ የሚያዘጋጅ ትምህርት ግማሽ ትምህርት ነው።

* * *

በዲሲ ይህ ጉዳይ ከሌላው ከተማ ይልቅ የሚጨበጥ መልክ አለው። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ባለጉዳይ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። አስፈላጊ ሰነዶቻቸውን ወደ አንድ ቋንቋ የመተርጎም ግዴታ የሚመጣባቸው ደግሞ የቋንቋው ተናጋሪዎች ከሚያገለግሉት ወይም ሊያገለግሉት ከሚችሉት ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው ሲሞሉ ነው። ከሁለቱ ያነሰው በቂ ነው። ከተማው በዚህ ሕግ ከሚያገለግልባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በአንዳንድ የዲሲ መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ «ነጻ የትርጉም አገልግሎት አለ» የሚል ጽሑፍ በፊደላችን የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

500 ሰው መሙላቱ የሚታወቀው ግን እንዴት ነው? ሕጉ መሥሪያ ቤቶቹን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲቆጥሩ ያዛል። አንዱ ምንጭ ቅድም ያነሳነው የቆጠራ ቢሮ መጠይቅ ነው። ሌላው በየመስኮቱ ያለ ሠራተኛ የሚመዘግበው ነው፤ ዛሬ ማን መጣ፣ በምን ቋንቋ ተናገረ፣ አስተርጓሚ ጠየቀ ወይስ አልጠየቀ። እንግዲህ ፉድ ስታምፕ የሚባለውን የምግብ ድጎማ ለማሳደስ የመጣች እናት የአሥር ዓመት ልጇን ለአስተርጓሚነት ይዛ ስትቀርብ፣ ሠራተኛው «አስተርጓሚ ይፈልጋሉ?» ሲላት «ልጄ ይነግርልኛል» ብትል፣ ጉዳይዋ በዚያው ዕለት ያልቃል። በመዝገቡ ላይ ግን አማርኛ የጠየቀ ሰው የለም። እንዲህ ያለው ቀን ሲደጋገም በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱ ፍላጎቱ አነስተኛ መሆኑን ይናገራል፤ ሪፖርቱም አይዋሽም፣ የተነገረውን ነው የጻፈው። ልጁ ደግሞ የእናቱን ሕመም፣ የቤት ኪራይ ዕዳዋን፣ አንዳንዴም የፍርድ ቤት ጉዳይዋን በአሥር ዓመቱ እየተሸከመ ያድጋል።

መምህሯ ይህን ለማስረዳት ያደረገችው ቀላል ነገር ነው። ተማሪዎቹን ለሁለት ከፈለችና ግማሹን የመስኮት ሠራተኛ፣ ግማሹን ባለጉዳይ አደረገቻቸው። ሠራተኞቹ የሚመዘግቡበት ሠንጠረዥ ተሰጣቸው። የዕለቱ የእንግሊዝኛ ትምህርት «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ቋንቋዬ አማርኛ ነው» የሚለውን በትክክል መናገር ነበር። እማማ ሦስት ጊዜ ተለማመዱት። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም እንደ ልማዱ አደረገ፣ በሁለተኛው ሁሉም አስተርጓሚ ጠየቀ። ከዚያ ሁለቱ ሠንጠረዦች ጎን ለጎን ተሰቀሉ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፣ ችግራቸውም ያው ነው፤ ወረቀቶቹ ግን የሁለት የተለያዩ ከተሞች ወረቀት ይመስሉ ነበር።

ከዲሲ ውጭ ቁጥሩ ራሱ ሌላ ችግር አለበት። የቆጠራ ቢሮው በቤት ውስጥ ስለሚነገሩ ቋንቋዎች በሚያወጣው የተለመደ ሠንጠረዥ ላይ አማርኛ ብቻውን አይታይም። «አማርኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሌሎች አፍሮ እስያዊ ቋንቋዎች» በሚል አንድ ረድፍ ውስጥ ተጨፍልቋል። ትግርኛም ኦሮምኛም እዚያው ናቸው። አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ ያን ረድፍ አይቶ ለየትኛው ቋንቋ አስተርጓሚ መቅጠር እንዳለበት ማወቅ አይችልም። በምርጫ በኩል ደግሞ የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ በ1975 ሲሻሻል የገባው ክፍል 203፣ ድምፅ መስጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ፣ ለቀደምት አሜሪካውያንና ለአላስካ ተወላጆች ቋንቋዎች ብቻ ነው። የአማርኛ ተናጋሪዎች ምንም ያህል ቢበዙ በዚያ ሕግ አይቆጠሩም። የትኛው በር በቁጥር እንደሚከፈት፣ የትኛው ደግሞ ሕግ ካልተቀየረ እንደማይከፈት ለይቶ ማወቅም የዚሁ ትምህርት አካል ነው።

በጎ የሚባል ምሳሌም አለ። በ2020ው ቆጠራ በዘር ጥያቄ ሥር የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ተሰጥቶ፣ ከምሳሌዎቹ መካከል «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ታትሞ ነበር። መጠይቁን ለመሙላት የሚረዱ መመሪያዎች ከተዘጋጁባቸው 59 ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነበር። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ኢትዮጵያዊ ነኝ ብለው የጻፉት ከ300 ሺህ በላይ ሆኑ። ሳይጽፍ ያለፈው ግን ከዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

* * *

ቋንቋ ማስተማርና ቁጥር መሰብሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ጄን አዳምስና ኤለን ስታር የተባሉ ሁለት ሴቶች በ1889 ቺካጎ ውስጥ ሃልስተድ ጎዳና ላይ ሃል ሃውስ የተባለውን የማኅበረሰብ አገልግሎት ቤት ከፈቱ። ጎረቤቶቻቸው ጣሊያኖች፣ ቦሔሚያውያን፣ ከሩሲያ የመጡ አይሁዶችና ሌሎችም ስደተኞች ነበሩ። ማታ ማታ እንግሊዝኛ ይማሩበት ነበር። ፍሎረንስ ኬሊ የተባለች የቤቱ ነዋሪ በ1893 የፌዴራሉ መንግሥት ስለ ታላላቅ ከተሞች ድሃ ሰፈሮች ባካሄደው ጥናት ላይ በአካባቢው የሚደረገውን ቆጠራ መራች። የሃል ሃውስ ሴቶች ከመጠይቆቹ የተገኘውን መረጃ ገልብጠው በ1895 በመጽሐፍ አሳተሙት። ከመጽሐፉ ጋር ሁለት ባለቀለም ካርታዎች ነበሩ። አንዱ የ18 ብሔሮችን ሰዎች መኖሪያ ቤት በቤት ያሳያል፣ ሌላው የየቤተሰቡን የሳምንት ደመወዝ። ካርታውን ያየ ሰው ድህነት በየትኛው ጓሮ፣ በየትኛው የኋላ ቤት እንደተከማቸ በጣቱ ሊያሳይ ይችል ነበር። ኬሊ ራሷ በ1893 የኢሊኖይ የመጀመሪያዋ ዋና የፋብሪካ ተቆጣጣሪ ሆና ተሹማ፣ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛን በሕግ ተዋግታለች።

ለዚህ ሥራ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድለዋል። በካርታው ላይ ቀለም የተቀቡት ስደተኞች ቀለሙን አልመረጡም፣ ጥያቄውንም አላወጡም። በሌሎች ተጠንተው፣ በሌሎች ተጽፈው ቀሩ።

የጎደለውን የሞላው ሐሳብ ከደቡብ አሜሪካ መጣ። ብራዚላዊው መምህር ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 አንጂኮስ በተባለች የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከተማ ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ያህል ትምህርት ማንበብና መጻፍ አስጀመረ። የሚማሩት ከራሳቸው ኑሮ በወጡ ቃላት ነበር። በዚያን ጊዜ ብራዚል ውስጥ መሃይም ድምፅ አይሰጥም፤ ስለዚህ ፊደል የቆጠረ ሰው መራጭ ሆነ ማለት ነው። በ1964 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ፍሬሬ ታስሮ ተሰደደ። ሐሳቡ ግን ሌላ አገር በቀለ። ከ1993 እስከ 1995 በኡጋንዳ፣ በባንግላዴሽና በኤል ሳልቫዶር የተሞከረው ሪፍሌክት የተባለ ዘዴ መነሻው እሱ ነው። በሪፍሌክት ክፍል ውስጥ ገበሬዎቹ መሬት ላይ በድንጋይና በዘር የመንደራቸውን ካርታ ይሠራሉ፣ የሥራና የረሃብ ወራት የሚታዩበት የዓመት መቁጠሪያ ያዘጋጃሉ፣ ገቢና ወጪያቸውን በዛፍ ሥርና ቅርንጫፍ ይስላሉ። ቃሉ የሚጻፈው ካርታው ላይ ነው። ቆይቶ ዘዴው እንግሊዝ ውስጥ ለስደተኞች እንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሆኗል።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ታሪክ አለ፤ እማማ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቶ የዩኔስኮን ሽልማት አግኝቷል። የሚያስታውሱት ግን ሽልማቱን አይደለም፤ ከሥራ በኋላ በኩራዝ ብርሃን መቀመጡን ነው። «ያኔም ማታ፣ አሁንም ማታ» አሉ።

* * *

ክፍሉን ከሁሉ የበለጠ ያነቃው የደመወዝ ወረቀት የተነበበበት ምሽት ነው። መምህሯ ስም የሌለበት ምሳሌ ሠርታ አመጣች። በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈለው ሰው በሳምንት 48 ሰዓት ሠርቶ 960 ዶላር ተጽፎለታል። ማባዛቱ ልክ ነው። የ1938ቱ የፌዴራል የሥራ ሕግ ግን ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራው አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። ለ40 ሰዓት 800፣ ለስምንቱ ሰዓት በ30 ዶላር ሒሳብ 240፣ ድምሩ 1,040 ዶላር ይመጣል። በሳምንት 80 ዶላር ጎደለ፣ በዓመት 4,160። ከሕጉ ውጭ የሚሆኑ ሥራዎች አሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑም ተወያዩበት። ብዙዎቹ ስልካቸውን አውጥተው የራሳቸውን ወረቀት ሲፈልጉ ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት የቤት ለቤት ተንከባካቢ ሰዓቷን በራሷ ደብተር በአበሻ ሰዓት አቆጣጠር ስትጽፍ እንደኖረች፣ ከአለቃዋ መዝገብ ጋር ለማመሳከር ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት እንደምትደምር ተናገረች። ያ ደብተር ዳታ ነው። የሥራ ክርክር ሲነሳ የሠራተኛው የራሱ ማስታወሻ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም።

ቀጥሎ የመጣው ከባዱ ነው፣ አማካይና መካከለኛ። አምስት ተማሪዎች የቤተሰብ ገቢ የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ተሰለፉ። 30 ሺህ፣ 35 ሺህ፣ 40 ሺህ፣ 45 ሺህ፣ የመጨረሻው 350 ሺህ ዶላር። ተደምሮ ለአምስት ሲካፈል አማካዩ 100 ሺህ ነው፤ ከተሰለፉት መካከል ግን ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ አንድም የለም። መካከለኛው መሐል የቆመችው የያዘችው 40 ሺህ ነው። «እንግዲህ ሰፈሩ ሀብታም ነው ወይስ ድሃ?» ተባለ። ሹፌሩ፣ «ማን ሊጽፈው እንደፈለገ ይወሰናል» አለ።

መካከለኛውም ቢሆን የት ቆመው እንደሚለኩት ወሳኝ ነው። በዲሲ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ «አቅምን ያገናዘበ ቤት» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል፤ ከጎኑም «60 በመቶ» ይባላል። የምን 60 በመቶ? የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣው የአካባቢው መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ ነው። «አካባቢው» ደግሞ ዲሲ ብቻ አይደለም፤ ከአገሪቱ ሀብታም አውራጃዎች የሚመደቡ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ዳርቻዎችን ያጠቃልላል። በ2024 ይህ ገቢ ለአራት ሰው ቤተሰብ 154,700 ዶላር ነበር። 60 በመቶው 92,820 ይሆናል። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የዲሲ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 17.50 ነበር። በዚህ ደመወዝ ባልና ሚስት ዓመቱን ሙሉ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠሩ ሁለቱ አንድ ላይ የሚያገኙት 72,800 ነው፤ ከመካከለኛው ገቢ ግማሽ እንኳ አይደርስም። ለኪራይ ከገቢ 30 በመቶ ይበቃል በሚለው የተለመደ መለኪያ ከሄድን፣ ለ60 በመቶው የተተመነ ቤት በወር ወደ 2,320 ዶላር ይመጣል። እነዚህ ባልና ሚስት መክፈል የሚችሉት 1,820 ነው። ልዩነቱ በየወሩ 500 ዶላር ነው። ማስታወቂያው ውሸት አልጻፈም፣ ሕግም አልጣሰም፤ ለማን አቅም እንደተገናዘበ ግን አልተናገረም። ያን ምሽት ከተማሪዎቹ አንዷ ለዓመታት ስታመለክት ቆይታ ለምን እንደማይሳካላት ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር አየችው። ጥፋቱ የእሷ መስሏት ነበር።

* * *

ከዚያ በኋላ ክፍሉ የራሱን መጠይቅ አወጣ። ጥያቄው አንድ ነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የከተማ መሥሪያ ቤት ሲሄዱ አስተርጓሚ ተሰጥቶዎታል? ተማሪዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው ጠየቁ። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ሲመጡ ደስታ ሆነ፤ ውጤቱን «የዲሲ ኢትዮጵያውያን» ብለው ሊጽፉት ተነሱ። ወሎዬዋ የሆቴል ሠራተኛ እጇን አወጣች። «እኛ ሙስሊሞቹስ?» አለች። ሹፌሩም እሑድ ጠዋት የሚሠራ ሰው ቅዳሴ ላይ እንደማይገኝ አስታወሰ። አስተርጓሚ በብዛት የሚያስፈልጋቸው ደግሞ ከቤት የማይወጡት አዛውንት ናቸው። የናሙና ትምህርት በዚያች ምሽት ያለ መጽሐፍ ተሰጠ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ መስጊድ፣ ወደ ፓርኪንጎች፣ ወደ ልጆች መዋያ ደጃፍ ሄዱ። ጥያቄውንም አሻሻሉት፤ «ተሰጥቶዎታል?» ብቻ ሳይሆን «ጠይቀዋል?» የሚል ተጨመረ።

አንዳንዶች ግን መልስ መስጠት አልፈለጉም። ፍርሃቱን መናቅ ስህተት ነው። በአገራችን የቀበሌ መዝገብ ምን እንዳደረገ የሚያስታውስ ትውልድ አለ፤ መታወቂያ ላይ የተጻፈ ብሔር ሰው ያስገደለበት ጊዜም ሩቅ አይደለም። አሜሪካም ንጹሕ አይደለችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቆጠራ ቢሮው የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች በብዛት የት እንደሚኖሩ የሚያሳይ መረጃ ለጦሩ ሰጥቷል። በ1943 ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን የሚኖሩትን ስምና አድራሻ አሳልፎ መስጠቱን ማርጎ አንደርሰንና ዊልያም ሴልትዘር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 ይፋ አድርገዋል። ዛሬ የቆጠራ መልስ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ የግለሰብ መዝገብ ለ72 ዓመት አይከፈትም፣ ምሥጢር ያወጣ ሠራተኛ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ይህ ጥበቃ ግን ለቆጠራ ቢሮ እንጂ ለሁሉም መሥሪያ ቤት አይደለም። በ2025 የግብር መሥሪያ ቤቱ ከኢሚግሬሽን ጋር መረጃ ለመጋራት ተስማምቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ስለዚህ መምህሯ «አይዟችሁ፣ ንገሩ» ብላ አላለፈችም። ማነው የሚጠይቀኝ፣ ለምን፣ ለማን ያስተላልፈዋል፣ አልመልስም ብል ምን ይመጣብኛል የሚሉትን አራት ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ አስጠናቻቸው። የክፍሉ መጠይቅም ስም፣ አድራሻና የመኖሪያ ፈቃድ እንዳይጠይቅ ተወሰነ።

ለእንዲህ ያለ ትምህርት ጊዜ ማግኘት ቀላል አይደለም። በፌዴራል ገንዘብ የሚሠሩ የአዋቂ ቋንቋ ትምህርቶች ተማሪዎቻቸውን በስድስት ደረጃ መድበው፣ በመነሻና በማብቂያ ፈትነው፣ ስንቱ ደረጃ እንዳለፈ ሪፖርት ያደርጋሉ። ገንዘቡ ከዚያ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። የደመወዝ ወረቀቷን አንብባ የጎደላትን ያስመለሰች ሴት ፈተናው ላይ አትታይም። ፈረቃው ተቀይሮ ያቋረጠ ተማሪ ደግሞ እንደ ውድቀት ይቆጠራል። ይህንንም ለተማሪዎቹ ማሳየት ተገቢ ነው እላለሁ፤ ስለ እነሱ የሚላክ ቁጥር ነውና።

የከተማው ምክር ቤት በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ መሥሪያ ቤቶችን ሲገመግም ማንኛውም ነዋሪ ቀርቦ መናገር ይችላል፤ ለአንድ ሰው በተለምዶ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። ክፍሉ አሁን የሚዘጋጀው ለዚያ ነው። የሚያነቡት ጽሑፍ የሚጀምረው ማንን እንደጠየቁ፣ የት እንደጠየቁና ማንን ሳያገኙ እንደቀሩ በመናገር ነው። ይህን ያስገቡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሹፌሩ ሰዓት ይይዛል፤ የሚያነቡት እማማ ናቸው፣ በአማርኛ። የምክር ቤቱ አስተርጓሚ እንዲመደብላቸው ጥያቄው አስቀድሞ በጽሑፍ ገብቷል።